ሞተር የሌለው አውሮፕላን

ጥር 4 ቀን 1980

ብርድ። የማስታምማቸው ጃፓናዊ ሽማግሌ፣ ሲኞር ኦካቤ፣ ሾርባቸውን ዛሬም ግማሽ ተዉት። ጨው አነሰው ይሆን ብዬ ቀመስኩት… ደህና ነው። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያው አፋቸው ሳይደርስ ሸሚዛቸው ላይ ያፈሰዋል። ላጉርስዎ ብል እምቢ አሉ።

በዚህ እጅ ሠላሳ ዓመት የድሮ መጻሕፍት ጠግነዋል። ልጃቸው ሊሊያና ናት የነገረችኝ። ብል የበላውን ገጽ ስስ የጃፓን ወረቀት እየለጠፉ እንደነበረ ያደርጉት ነበር አለች። አምና ደም አንጎላቸው ውስጥ ከፈሰሰ ወዲህ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እንኳ የምቆልፈው እኔ ነኝ።

መስኮት ጠረግኩ። አንሶላ ቀየርኩ። ነገ ሐሙስ፣ እረፍቴ። እዚሁ ሮም ቪያ ቮልቱርኖ ወዳለችው ስታንሳችን፣ ወደ ኪራይ ክፍላችን፣ እሄዳለሁ። አራት ሴቶች ነን የተከራየናት፤ የምንገናኝባት ሐሙስና እሁድ ብቻ ነው። ከሰው ጋር አማርኛ ላወራ ነው… እሱ ብቻ ይበቃኛል።

ጥር 5

እትዬ አበበች ቀድማኝ ደርሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ጽጌ፣ ደብዳቤ መጣ!" ከአዲስ አበባ፣ ከወንድሟ ከገብረሃና። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። አገር ቤት አራት ዓመት አስተማሪ ስለነበርኩ የማነብላትም የምጽፍላትም እኔ ነኝ።

ከፈትኩት። ሁለት ወረቀት አለው። ትልቁ ለእሷ። ትንሿ አራት ቦታ ታጥፋለች፣ አናቷ ላይ "ለምታነቢላት እህት" ይላል። ዓይኔ ቀደመኝ።

ሳህለ ኅዳር 29 ቀን በሰሜን ግንባር ተሰውቷል። ቀበሌ ጠርቶ ነገረን። አበበች የልብ በሽተኛ መሆኗን ታውቂያለሽ። በሰው አገር ብቻዋን ይህን ብትሰማ እሷንም እናጣታለን። አንድ ቀን አገሯ ስትገባ እኛው እናረዳታለን። እስከዚያ አደራ…

"ምን ይላል? ምነው ዝም አልሽ?"

"ጽሑፉ አስቸግሮኝ ነው እትዬ።"

ሳህለ አንድ ልጇ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ብሔራዊ ውትድርና ከወሰደው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ከሄደ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፈላት።

ትልቁን አነበብኩላት። ስለ አጎቶቿ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ዝናብ መጥፋት። ስለ ሳህለ አንዲት ቃል የለበትም።

"ስለ ልጄ ምንም አላለም?"

"ደህና ነው ይላል። ሰላም ይልሻል።"

ከአፌ ወጣ። በቃ።

ጥር 6

ትንሿን ወረቀት ቀደድኳት። ከዚያ ደግሞ ቁርጥራጩን ከመሬት ለቀምኩ። ለምን? እኔ እንጃ።

ጥር 19

እትዬ አበበች ለሳህለ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። "ልጄ፣ ብርዱ እንዴት ነው በይው። ያ ሳሉ ተሻለው? ከሰው ጋር አትጣላ በይው።" እጄ ይጽፋል። ለማን ነው የምጽፈው? "ፈገግ ብለሽ ጻፊለት፣ ሰው ሲያኮርፍ ጽሑፉ ያስታውቃል" አለችኝ ደግሞ።

ቴምብር ለጥፌ ፖስታ ቤት ድረስ ወሰድኩትና ሳልልከው ይዤው ተመለስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

የካቲት 3

ከገብረሃና ሌላ ደብዳቤ። አሁንም ስለ ሳህለ ዝም። እትዬ አበበች አለቀሰች። "ሁልጊዜ ሰላም ይልሻል፣ ሰላም ይልሻል… ልጄ ሌላ ወሬ የለውም? እየደበቁኝ ነው አይደል?" አለችና ደረቷን ያዘች። ከንፈሯ ጠቆረብኝ። ደነገጥኩ። እዚሁ እጄ ላይ ብትቀርስ?

"ቆይ፣ ቀሪ ገጽ አለ" አልኳት። የለም። ባዶውን ጀርባ ገልጬ "አነበብኩ"። ሳህለ ሾፌር ሆኗል። ስንቅ ነው የሚጭነው፣ ከጦሩ ኋላ ነው የሚውለው። ጥይት የሚባል የለበትም።

እልል አለች። አልጋው ላይ ቆማ እልል አለች። ጎረቤት ግድግዳውን መታብን።

የካቲት 6

እሁድ። ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ወሰደችኝ። ለሳህለ ጓንቲ ገዛች፣ ቡናማ ቆዳ፣ የሾፌር። "መሪው ይቀዘቅዛል" አለችኝ። ሾፌር መሆኑን ለሻጩ ሳይቀር በጣልያንኛ ነገረችው፣ "ልጄ አውቲስታ ነው።"

ምን አድርጌ ነው እዚህ ውስጥ የገባሁት?

የካቲት 11

ዓርብ ዓርብ ሱኦር አኜሴ ትመጣለች። ጃፓናዊት መነኩሲት ናት፤ ሲኞር ኦካቤን በቋንቋቸው ታዋራቸዋለች፣ የአገራቸውን ደብዳቤ ታነብላቸዋለች። ዛሬም አንድ ደብዳቤ አነበበች። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። የምትለው አይገባኝም፣ ግን ድምፅዋ የደስታ ነው። የእሳቸው ድምፅ አልተሰማም።

ከሄደች በኋላ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። እራት አልነኩም።

የካቲት 14

ሦስተኛ ቀን። ከሻይ ሌላ የለም። ሊሊያና ከሥራዋ ደውላ "ዶክተር ልጥራ?" አለች። "አትጥራ" አሉኝ በእጃቸው።

ከሰዓት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ይህን ደብተር ስጽፍ አዩኝ።

"ምንድን ነው ሁልጊዜ የምትጽፊው?"

"የራሴን ነገር።"

"የራስሽ ነገር ያስለቅሳል?"

ማልቀሴን አላወቅሁም። ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ከትንሿ ወረቀት እስከ ጓንቲው። ለማን ይነግራሉ ብዬ ነው? ወይስ ለአንድ ሰው መናገር ስለነበረብኝ? ተዪው ወይም ንገሪያት እንዲሉኝ ጠበቅሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። የተኙ መስሎኝ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"አሎራ፣ እንግዲህ… እናቲቱ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አርባ አራት።"

"አርባ አራት" አሉ።

የካቲት 16

ጠዋት ዳቦ በወተት በሉ። ከዚያ አወሩ። ከበሽታው ወዲህ ቃል በቃል ነው የሚወጣላቸው፣ ጣልያንኛው እየጠፋባቸው ይቆማሉ። እኔም አላጣድፋቸውም።

"አሊያንቴ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው አየር ላይ አንሳፈፉት። ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። እንጨትና የብረት ቧንቧ፣ ላዩ ጨርቅ። በጦርነቱ ጊዜ አገራቸው ወታደር ያጓጉዝበት ነበር። አፍንጫው እንደ ቁም ሣጥን በር ወደ ጎን ይከፈታል፣ ሃያ ሰው ከነመሣሪያው ይገባል። በራሱ አይነሳም። ሌላ ባለ ሞተር አውሮፕላን በረጅም ገመድ ይጎትተዋል። ሲደርስ ገመዱ ይለቀቃል፣ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል።

"እርስዎ አሊያንቴውን ነበር የሚያበሩት?"

"እኔ ጎታቹ ነበርኩ" አሉ።

የካቲት 19

ዛሬ ቀጠሉ። እንደነገሩኝ ልጻፈው፣ ሳልረሳ።

በፈረንጅ አርባ አራት፣ በመጨረሻው ወር። ከታይዋን ወደ ፊሊፒንስ፣ ባሕር ላይ። ከኋላቸው ያለውን አሊያንቴ የሚያበረው ጓደኛቸው ጹካዳ ነበር። አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። በገመዱ ላይ የስልክ ሽቦ ተጠምጥሟል፣ በእሱ ያወራሉ። ጹካዳ እንደ ወትሮው ይቀልድ ነበር አሉ። "እናንተ ሞተር አላችሁ፣ እኔ የምሰማው የሃያ ሰው ማንኮራፋት ነው" ይላቸዋል።

ከዚያ የቀኙ ሞተር ጋለ። ጢስ። ከፍታ እየቀነሱ ሄዱ። የተጎተተው ከባድ ነው። እሳቸው ጋ አምስት ሰው፣ ኋላ ሃያ ሰውና ጹካዳ። ታች ባሕር ብቻ።

በስልኩ "ልለቅህ ነው" አሉት።

"ቆይ" አለ ጹካዳ።

"ሌላ ምን አለ?" አልኳቸው።

"ሌላ ምንም። ቆይ ብቻ። በጸጥታ ነው ያለው፣ ሻይ እንዲቆይለት እንደሚጠይቅ ሰው።" የገመዱን መልቀቂያ እጀታ ጎተቱት።

ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ "አውሮፕላኑ ቀለለ። ወዲያው፣ እጄ ላይ ቀለለ። ወደ ላይ ተነሳን። ጽጌ… ደስ አለኝ። ሰውነቴ ደስ አለው።"

ዞረው አዩት። ግራጫ ነገር፣ ያለ ድምፅ ወደ ታች ሲዞር። መሬት ወዳለበት አይደለም፣ መሬት አልነበረም። የጋለው ሞተር በረደ። በሰላም ተመለሱ። ያ ሞተር ትንሽ ቢታገሡት ይችል ነበር ወይስ አይችልም ነበር? "አርባ ሦስት ዓመት ያንን ሞተር አዳምጣለሁ" አሉኝ።

እራት አልቀረበም። እኔም አልራበኝም።

የካቲት 21

"የቀረው የባሰ ነው" አሉ ዛሬ።

የጹካዳ ሚስት እቤታቸው መጣች። ሕፃን አዝላለች። ሃያ አራት ዓመቷ። ለቅሶ የለ፣ ምን የለ፣ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ "ደህና ወረደ?"

"አዎ" አሉ።

አላሰቡበትም። ከአፋቸው ወጣ። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ፣ የት? አንድ ትንሽ ባሕር ዳርቻ ላይ። አየኸው? አዎ፣ ከአሊያንቴው ሲወርዱ አይቻለሁ።

መንግሥት ሞቷል ብሎ ወረቀት ሰጣት። አልተቀበለችም። ያየ ሰው ነግሮኛል አለች። ሌላ አላገባችም። በየዓመቱ ትጽፍላቸዋለች፣ ታመሰግናቸዋለች። ይኼ ሁሉ አገር አቋርጠው ሮም የመጡት፣ እዚህ አግብተው የቀሩት… ከዚያ ደብዳቤ ሸሽተው ነው። ደብዳቤው ግን ተከተላቸው።

ዓርብ ዕለት ሱኦር አኜሴ ያነበበችው የእሷን ነው። ባሎቻቸው የጠፉባቸው ሴቶች በሰኔ መርከብ ተሳፍረው ወደ ፊሊፒንስ ሊሄዱ ነው፣ አጥንት ፍለጋ። "እባክዎ የዚያን ባሕር ዳርቻ ስም ይጻፉልኝ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ ሄጄ ልፈልገው" ትላለች።

"ምን ሊጽፉላት ነው?"

"አንድ ስም አገኘሁ። ካርታ ላይ። ጥሩ ዳርቻ ነው፣ አሸዋ አለው።"

ደሜ ፈላ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በሽተኛ ሰው ላይ ጮህኩ። "አሸዋውን በእጇ ልትቆፍር ነው እኮ ሲኞሬ! ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው! ሊያስቆፍሯት ነው?"

አዩኝ። አልተቆጡም።

"አንቺስ?" አሉኝ።

የካቲት 25

ሱኦር አኜሴ መጣች። እንድወጣ አልፈለጉም፣ ወንበር አሳዩኝ። ተናገሩ፣ እሷ ጻፈች። ጃፓንኛ ነው፣ ምንም አይገባኝም። መሃል ላይ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው አንድ ቃል አሉ። ጻፊ ማለታቸው ነው መሰለኝ። እያለቀሰች ጻፈች።

በሚንቀጠቀጠው እጅ ራሳቸው ፈረሙ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ዛሬውኑ ፖስታ ቤት ወስጄ ሰጠሁት። ቦርሳዬ ውስጥ የሳህለን ደብዳቤ ጣቴ ነካው።

መጋቢት 15

ሰሜን ግንባር ላይ ትልቅ ሽንፈት ሆነ ይባላል። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የአገራችን ሴት ሁሉ ሲያለቅስ ዋለ። ወንድም ያላት፣ ባል ያላት፣ ልጅ ያላት። ሬዲዮ የሰማው ሁሉ ሌላ ቁጥር ይናገራል።

እትዬ አበበች ብቻ አታለቅስም። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌሎቹን ታጽናናለች። "አይዟችሁ። የእኔ እንኳ ሾፌር ነው፣ ኋላ ነው ያለው። የእናንተም እንደዚያው ይሆናል።" አንዷ ቀና ብላ "አንቺስ ታድለሻል" አለቻት።

እዚያው ልናገር ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አፌን ከፍቼ ነበር።

መጋቢት 18

ከእኛ ሁሉ ትልቅ ትበርህ ናት። ሃምሳን አልፋለች፣ አሥመራ ነው የተወለደችው። ከእሷም ጋር ያገናኘን ስታንሳው ነው። ለብቻዋ ወስጄ ነገርኳት። ተቆጣችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ። "የተላክሽውን ነው ያደረግሽው… የሾፌሩን ወሬ ግን ማን ላከሽ?" አለች።

"መቼ እንንገራት?"

"ፆሟን ትጨርስ። ከፋሲካ በኋላ፣ እኛው ሦስታችን። ለልቧም መድኃኒቷን በእጄ እይዛለሁ።"

ሚያዝያ 2

ፋሲካ። እትዬ አበበች ዶሮ ሠራች። የሳህለን ድርሻ እኔ ሳህን ላይ አደረገችው። "አንቺ ብዪለት።"

በላሁ።

ሚያዝያ 16

ዛሬ ነው። ቅዳሜ ማታ ሁላችንም ስታንሳው አደርን። ጎህ ሲቀድ ትበርህ ቀሰቀሰችን። ለምለም፣ አራተኛዋ ጓደኛችን፣ ቀድማ እያለቀሰች ነበር። ነጠላችንን ዘቅዝቀን ለብሰን አልጋዋ አጠገብ ቆምን።

እትዬ አበበች ዓይኗን ገለጠች። አየችን። ተነስታ ቁጭ አለች።

"ማነው? … እናቴ ናት?"

ዝም።

"ገብረሃና ነው? ወንድሜ ነው?"

ዝም።

"እቴቴ ናት? ባሏ ነው?" የዘመዶቿን ስም አንድ በአንድ ጠራች። አክስቶቿን። ጎረቤቶቿን። የሞቱትን ሳይቀር። አንድ ስም ብቻ አልጠራችም። ትበርህ መድኃኒቷን በእጇ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

"ሳህለ ነው እትዬ" አልኩ እኔ።

ልቧ አልቆመም። እኔ ይቆማል ብዬ ነበር። ጩኸቷ ግን… አልጽፈውም።

ሚያዝያ 18

ሠልስት። ሰው መጥቶ ሄደ። አሠሪዋ አንድ ሳምንት ፈቀደችላት። ስታንሳው ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተን ተቀምጠናል። ስታለቅስ ጭንቅላቷን የምትጥለው እኔ ጭን ላይ ነው። ገና አልገባትም። ሲገባትስ?

ሚያዝያ 20

ገባት።

ሻይ እየጠጣን ነበር። በጸጥታ ነው የጠየቀችኝ፣ "መቼ ነው?"

"ኅዳር 29።"

ጣቷን ቆጠረች። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት… የካቲት ላይ ጣቷ ቆመ። አየችኝ።

"ሾፌር የሆነው ማነው?"

ትበርህ "አበባዬ፣ አሁን ተዪው" አለቻት። አልሰማችም።

"ሾፌር የሆነው ማነው ጽጌ?"

"እኔ ነኝ ያልኩት። ደብዳቤው ላይ አልነበረም።"

"ሰላም ይልሻልስ?"

"እሱም እኔ ነኝ።"

"ለእሱ ያስጻፍኩሽ?"

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ገለበጠችው። ቴምብሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ማንበብ ባትችልም ያልተላከ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

"ሳቅሁ እኮ" አለች። "ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ሳቅሁ። አልጋ ላይ ቆሜ እልል አልኩ። ገበያ ወጥቼ ጓንቲ መረጥኩለት። አምስት ወር ሙሉ የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ።"

"እትዬ፣ ልብሽን ፈርቼ…"

"ልቤ የእኔ ነው! ለቅሶዬ የእኔ ነው! ማን ሰጠሽ?"

ውጪልኝ አለች። ወጣሁ። ጫማዬን በእጄ ይዤ።

ግንቦት 4

ሐሙስ። የምሄድበት የለኝም። ሲኞር ኦካቤ ቤት ዋልኩ። "እረፍትሽ አይደለም?" አሉ። ነገርኳቸው።

"መንገር አልነበረብኝም?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

አሰቡ። "እኔ ገና መልስ አልመጣልኝም" አሉኝ።

ግንቦት 19

መልስ መጣ። ሱኦር አኜሴ መጀመሪያ በቋንቋቸው አነበበችላቸው። አጭር ነው፣ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከዚያ በእሳቸው ትእዛዝ ለእኔ በጣልያንኛ ደገመችው።

"ደብዳቤዎን አነበብኩ። ለልጄም አነበብኩላት። ይቅር የምልዎት አይመስለኝም። ወጣትነቴን በሙሉ የሌለ ዳርቻ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። ጉዞዬን ግን አልሰርዝም። ገመዱ የተለቀቀበትን ቦታ ይጻፉልኝ። ከየት ተነስታችሁ፣ ወዴት አቅጣጫ፣ ስንት ደቂቃ እንደበረራችሁ። መርከቡ እዚያ ይቆምልኛል።"

ሲኞር ኦካቤ አላለቀሱም። "እርሳስ" አሉኝ።

ግንቦት 23

አራት ቀን ፈጀባቸው። ራሳቸው ነው የሳሉት። አግዢኝ አላሉም፣ ወረቀቱን ብቻ ይዤላቸው ነበር። የታይዋን ጫፍ፣ የደሴቶቹ ጫፍ፣ መሃል ላይ መስመር። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ ከፍታውን፣ የነፋሱን አቅጣጫ… ሁሉንም በቃላቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ነጥብ።

"ትክክል ነው?" አለች ሊሊያና። አባቷ ይህን ሁሉ ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምትሰማው። ሠላሳ ዓመት አብራቸው ኖራ።

"ሌላ ነገር ልረሳ እችላለሁ" አሏት።

ሐምሌ 14

ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሲኞር ኦካቤ አረፉ። ሐሙስ ነው፤ የምሄድበት ስለሌለኝ አጠገባቸው ነበርኩ። ሙቀት ነበር፣ መዝጊያውን ገርበብ አድርጌ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግኩ። አንዴ ዓይናቸውን ገልጠው በጃፓንኛ የሆነ ነገር አሉ። ምን እንደሆነ አላውቅም። አዎ አልኳቸው።

አሁን ደግሞ አዎ ማለቴ ትክክል ነበር ወይ እያልኩ ነው። ከእንግዲህ የማላውቀውን ነገር ለማንም አዎ አልልም ብዬ አልነበር?

ነሐሴ 6

ሱኦር አኜሴ ፎቶግራፍ ይዛ መጣች። ከጃፓን ነው፣ ለእሳቸው የተላከ። ማረፋቸውን አልሰሙም። የመርከብ ጫፍ፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣ ፊቷ አይታይም። ከፊቷ ባሕር። ሌላ ምንም የለም። ከፎቶው ጀርባ ቀንና ሰዓት ብቻ ተጽፏል።

ሊሊያና ረጅም ሰዓት አየችው። "ነጥቡ ላይ ናት" አለች። አቀፈችኝና አብረን አለቀስን። ለአባቷ ይሁን፣ ለሴትዮዋ ይሁን፣ ለሃያዎቹ ይሁን… አልተጠያየቅንም።

ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በዚህ ቤት ስም ነው። ሊሊያና "አንድ አክስት አለችኝ፣ እሷ ጋ ሥራ ትገቢያለሽ፣ እሺ፣ ቫ ቤኔ?" አለችኝ። ቫ ቤኔ።

መስከረም 19 ቀን 1981

ትበርህን ቪያ ቮልቱርኖ ላይ አገኘኋት። እትዬ አበበች ደህና ናት አለች። ጥቁር አልለወጠችም። ስሜን አታነሳም።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳልነገርኩሽ ሁኚ" አለችኝ። "ፊደል እየቆጠረች ነው። ሁልጊዜ ሐሙስ ከለምለም ጋር። ሳድሱ ያስቸግራታል፣ እየተናደደች ደብተሩን ትወረውራለች፣ ተመልሳ ታነሳዋለች። ለምን ትደክሚያለሽ ብትላት፣ ከእንግዲህ ማንም አያነብልኝም አለቻት።"

እኔ አስተማሪ ነኝ። አራት ዓመት ሃምሳ ሃምሳ ልጅ አስተምሬያለሁ። ሦስት ዓመት ሐሙስና እሁድ አጠገቤ ስትቀመጥ አንድ ቀን ላስተምርሽ አላልኳትም። ለምን? ማንበቤን ትወደው ስለነበር? ወይስ እኔ ነኝ የወደድኩት?

ኅዳር 26

ትበርህ ወረቀት ሰጥታኝ ሄደች። ከደብተር የተቀደደ። ፊደሎቹ ትልልቅ፣ አንዱ ከመስመር በላይ አንዱ ከመስመር በታች።

ሐሙስ ያሣህለ ሙት ዐመት ነዉ ነይ አበበች

አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ኅዳር 29

ሄድኩ። ስታንሳው ሞልቷል፣ አሥራ አምስት ሴት ይሆናል። ዳቦ፣ ንፍሮ። እትዬ አበበች ጥግ ተቀምጣለች። ከስታ ዓይኗ ጎድጉዷል። አየችኝ፣ አልተነሳችም። በሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ከጉያዋ ደብዳቤ አወጣች። ከገብረሃና ነው አለች፣ ባለፈው ሳምንት የመጣ። ከሳህለ ጋር አብሮ የነበረ አንድ ወታደር እግሩን አጥቶ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ያየውን ለገብረሃና ነግሮት፣ ያንን ነው የጻፈው። "እስካሁን አላነበብኩትም። ዛሬ ላንብበው ብዬ ነው" አለች።

ማንበብ ጀመረች። ጣቷን እያንዳንዱ ፊደል ላይ እያሳረፈች። ቃሉን ሳትጨርስ ትንፋሿ ያልቃል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። ሳህለ… ጠዋት… ውሃ… ሊቀዳ… ወርዶ… ነበር። ሴቶቹ ጉልበታቸውን አቅፈው ይሰማሉ። ማንም አያለቅስም። ሁሉም ቃሉን እየጠበቀ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ረጅም ቃል ነው። ሞከረች፣ ተሳሳተች። ደግማ ሞከረች። አንገቷ ላይ ላብ አየሁ። አሥራ አምስቱም ሴት ዞሮ እኔን አየ። ትበርህ በዓይኗ እርጃት አለችኝ።

ከነበርኩበት ሆኜ ቃሉ አይታየኝም። ቢታየኝም አልናገርም ነበር። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሬት መሬት አየሁ።

ብዙ ቆየ።

"አል… ተ… ሠ… ቃ… የም" አለች። ከዚያ አንድ ላይ፣ "አልተሠቃየም።"

ወረቀቱን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ቀና አለች። ለቅሶው አሁን መጣ፣ ግን ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

"ጽጌ" አለች። ስሜን ከጠራች ሰባት ወሯ ነው። "ውሃ ስጪኝ። ገና አልጨረስኩም።"